ከጠየቀኝ በኋላ የተሣለው ስክሪን

ለምዕራብ ደጋ ቀበሌዎች የጋራ መስኮት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መካነ ሰላም፤ በወንበርዎ ላይ

ክቡር ሆይ፤

ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው። በሬዎቼን ራሴ እጠምዳለሁ። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ። ሽሮዬንም ራሴ እሠራለሁ፤ ያርራል እንጂ እሠራለሁ። ቁልፍ ሲበጠስብኝ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው እኔው ነኝ። በቀን ብርሃን ከሆነ ደግሞ ያለ መነጽር አነባለሁ። ይህን የምነግርዎ ለመመካት አይደለም፤ በጻፉልኝ ደብዳቤ ላይ ስለ ዓይኔና ስለ ንባቤ ተጨንቀው ስላየሁ፣ አሳብ እንዳይገባዎ ብዬ ነው።

በእርስዎ በኩል እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደኅና ናቸው? በበሩ ላይ ቆሞ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ጥበቃስ፣ ጉሮሮው ደኅና ነው? ከጀርባዎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቅልጥፍና የምስጋና ወረቀት መስታወቱ አልተሰነጠቀም? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነኝ፤ በእኛ ጎጥ ክርስቲያኑም አልሐምዱሊላህ ይላልና እኔም ብያለሁ። የሚያመኝ ነገር የለም። ባለቤቴ ይርገዱ ከሞተች ወዲህ የሚያመኝ ነገር የለም፤ ጥርሴ እንኳ ትቶኛል።

ይህንን ደብዳቤ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ከግቢዎ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው «ይምጡ አባባ፣ አሳምሬ ልጻፍልዎ» ቢለኝ፣ ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርሁት ፊደል ገና አላለቀም ብዬው አለፍሁ። በግልጽ ጽፌ ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ መለጠፌ ደግሞ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች እርስዎ ዘንድ ሲደርሱ የደጋው ብርድ አደንዝዟቸው ይሁን፣ አንዳቸውም አፍ አውጥተው ስላልተናገሩ፣ ይኸኛው ውጭ ቆሞ ፀሐይ ይሙቅ ብዬ ነው።

ሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያነብ ሰው ነገሩ እንዳይደናገረው ከመነሻው ልነሣ።

ይርገዱ ከአባቷ የወረሰቻት፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ያለች አንዲት የገብስ ማሳ ነበረቻት። ልጃችን ሀይማኖት ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ይርገዱ በሽታው ሲጠናባት ሌላ ነገር አልለመነችንም፤ ያቺን ማሳ ለሀይማኖት አጽፉልኝ፣ ልጄ የሰው ቤት ሲመርራት የት እገባለሁ አትበል፣ ስትመለስ እግሯን የምታሳርፍበት አፈር ይኑራት አለች። እርስዎ ደግሞ ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ራሱ መስኮቱ ድረስ መጥቶ፣ ስክሪኑን አይቶ ሲስማማ ብቻ ነው የሚል ማስታወቂያ አውጥተው ነበር። ስለዚህ ጎረቤቴ ሃሩንና የቅሬያችን ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት መካነ ሰላም ገባን። ቅሬ የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ነፍሷ ያልወጣ ሰው ተሸክሞ ቢሮ ማድረስ በደንቡ ውስጥ የለም። ሃሩን ግን «አብሽር አያ ጋሹ፣ ደንቡን ስንመለስ እናየዋለን» አለና ከፊት ገባ።

ከመስኮትዎ በዚህኛው በኩል ለባለጉዳይ የዞረ ስክሪን አለ። ከበላዩ «አይተው ይስማሙ» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊዋ ወይዘሪት ፈርሂያ ከወዲያ ማዶ ትጽፋለች፣ የጻፈችው ከወዲህ ለእኛ ይታያል። ይርገዱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ እኔ ጣቴን ከመስታወቱ ላይ እያስኬድሁ ቃል በቃል አነበብሁላት። ማሳዋን ለልጇ ለሀይማኖት ጋሹ አውርሳለች ይላል። ፈርሂያ ሴቭ የሚሉትን ነካች። ከስክሪኑ ግርጌ «ባለጉዳዩ አይተው ተስማምተዋል?» የሚል ጥያቄ ብቅ አለ። ከጥያቄው በላይ የሀይማኖት ስም እንደ ቆመ ነው፤ ደግሜ አየሁት። ይርገዱ ከቃሬዛው ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ «አያ ጋሹ፣ ተጽፏል?» አለችኝ።

«ተጽፏል» አልኋት።

«እንግዲህ ውሰዱኝ» አለችና አውራ ጣቷን ሰጠች። ፈርሂያ «አዎ» የሚለውን ነካች፤ ገጹ ተዘጋ፤ ባዶ ገጽ መጣ፤ ቀጣይ ተባለ።

የሚቀጥለው ገበያ ሳይቆም ሞተች። ሰው ሲያለቅስ ቆሜ አየሁ። ጎበዝ ነው፣ ቻለው አሉኝ። መቻል አልነበረም፤ የሚመጣ ነገር ጠብቄ ሳይመጣ ቀረ እንጂ።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ማኅተሙ ያምራል፤ ፊርማዎም ያምራል። የይርገዱ ማሳ ለአሚራ አሕመድኑር ተላልፋለች ይላል። አሚራ ከዐረብ አገር የተመለሰች የጎጣችን ልጅ ናት፤ ያን ቀን ከእኛ በፊት መስኮቱ ላይ የነበረችው እሷ ነበረች፣ አባቷ አሕመድኑር የራሱን ማሳ በስጦታ ሊያጽፍላት።

እንግዲህ አቤቱታዬ በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው። በቁጥር የማስቀምጠው፣ በቁጥር ያልሰፈረ ነገር ለውይይት አይቀርብም ብለው ስላስተማሩኝ ነው። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ «ባለጉዳዩ በዕድሜ መግፋትና በንባብ ችሎታ ማነስ ምክንያት በስክሪኑ ላይ የነበረውን ስም አሳስተው ለሟች ነግረዋል፤ ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀው ባለጉዳይዋ አይተው መስማማታቸውን ነው» የሚለው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ራሴ አነበብሁት፤ ይህም ለጽሕፈት ቤትዎ ሌላ ችግር እንዳይፈጥር ሠጋሁ። ክቡር ሆይ፣ የገዛ ልጄን ስም አሳስቶ የሚያነብ ዓይን ቢኖረኝ ኖሮ የእርስዎን ደብዳቤ የኀዘን መግለጫ ነው ብዬ ባነበብሁት ነበር። የደብዳቤዎ ግልባጭ ለቀበሌው ስለተሰጠ፣ ከቀበሌው ደግሞ ወደ ጠላ ቤቱ ስለተሻገረ፣ አሁን ገበያ ስወጣ «ጋሹ ሲያነብ ርስት ለጎረቤት ይሻገራል» እየተባለ ይቀለዳል። ቀልዱ ክፉ አይደለም። ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፤ አፌ ሲስቅ ሰማሁት።

ሁለተኛ፤ ፕሪንተርዎ በታመመ ጊዜ ከደሴ ሙሐሲን የሚባል ባለሙያ መጥቶ ነበር። እኔ እንደ ወትሮዬ መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጽሕፈት ቤትዎ ያለ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ «ማንበብ ይችላሉ ወይ?» ብሎ ነው። ይህ ሰው ግን ነገሩን ከፈርሂያ ሰምቶ መጣና ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ «አባባ፣ ያኔ ያነበቡት ስም የትኛው ነበር?» አለኝ። ሀይማኖት ጋሹ አልሁት። ተነሥቶ ሄደና ፈርሂያን ያን ቀን የሠራችውን ሁሉ በዚያው ተራ እንድትሠራው ለመናት፤ መጀመሪያ የአሚራን ገጽ፣ ከዚያ የይርገዱን።

ሠራችው። የሀይማኖት ስም ስክሪኑ ላይ ቆመ። ሴቭ ተነካ። ጥያቄው ከግርጌ ወጣ። «አባባ፣ ያንብቡልኝ» አለ። አነበብሁለት፤ ሀይማኖት ጋሹ። አጠገቤ ያሉት ባለጉዳዮችም አነበቡ፤ ሀይማኖት ጋሹ። ያን ጊዜ ሙሐሲን እጁን በፈርሂያ ትከሻ ላይ አሻግሮ «አዎ» የሚለውን ትቶ «አይደለም» የሚለውን ነካ። ስክሪኑ ርግብግብ አለ። የሀይማኖት ስም ጠፍቶ፣ ማንም ሰው ጣቱን ሳያሳርፍ፣ አሚራ አሕመድኑር ተብሎ ተጽፎ ቁጭ አለ። ፈርሂያ የሻሿን ጫፍ ነከሰች።

ሙሐሲን እንዲህ ሲል አስረዳኝ፤ እኔም የገባኝን ያህል ላስረዳዎ። ጽሑፉ ያለው በማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው። ስክሪኑ ላይ የምናየው ሥዕሉ ነው። ማሽኑ ሥዕሉን የሚያድሰው የታዘዘውን ሁሉ ጨርሶ፣ እጁ ባዶ ሆኖ፣ የሰው ጣት ሲጠብቅ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ሴቭ በተነካ ቁጥር ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ አንጠልጥሎበታል፤ መንጠቆ ይሉታል። ያ ትእዛዝ የአንድ ጎጥ ገጾች ሲከታተሉ የተቀባዩን ስም ካለፈው ገጽ ገልብጦ ይተካል፤ ወዲያው ተስማምተዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ራሱ የትእዛዙ ክፍል ስለሆነ፣ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ማሽኑ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ሥዕሉን አያድስም። ስለዚህ ሆዱ ውስጥ አሚራ ከገባች በኋላ እኛ ፊት ሀይማኖት ትታያለች። አዎ ያለ ሰው ገጹ ይዘጋበትና ይሄዳል። እውነቱን የሚያየው አይደለም ያለ ሰው ብቻ ነው።

እኔም ቤት መንጠቆ አለ። ይርገዱ ከሞተች ወዲህ በቤቴ በር ላይ ጣሳ አንጠልጥያለሁ፤ በሩ ሲከፈት ይጮኻል። ጣሳው ሲጮኽ ቀና ብዬ የገባውን አያለሁ፣ ከዚያ ግባ ወይም ውጣ እላለሁ። የእርስዎ ጣሳ ግን የገባው ገብቶ፣ ዕቃዬን አዘዋውሮ፣ ይሁን ወይ ብሎ አስፈርሞኝ ሲያበቃ ነው ቀና በል የሚለኝ።

እዚህ ላይ ለጽሕፈት ቤትዎ ፍትሕ ልስጥ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሳያየው የኖረው ሠራተኛዎ ስላልተጋ አይደለም። በመስኮትዎ ፊት አይደለም ያለ ሰው ስላልነበረ ነው። ከአቀስታም ይምጣ ከከላላ፣ በእግሩም ይምጣ በበቅሎ፣ እኛ ሰዎች ቢሮ ፊት ስንቆም አዎ ነው የምንለው። ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ስንባል እንዳወጣነው ሁሉ ማለት ነው። ይህንን ያስለመደን አካል ማሽኑ አይደለም።

እርስዎም ተጠርተው መጡ፣ አዩ፤ ስለ መምጣትዎ አመሰግናለሁ። ከዚያ የታየው ነገር በመደበኛ ባለጉዳይ ላይ ያልተፈጸመ የሙከራ ሥራ ስለሆነ በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር አይችልም አሉ። መደበኛዋ ባለጉዳይ ሞታለች፤ ስለዚህ አልተመቸችም።

ሦስተኛ፤ ያ መንጠቆ ለምን እንደተተከለ ጠይቄ ተነግሮኛል። አንድ ሰው ብዙ ቁራሽ መሬት ሲቀበል ጸሐፊዋ ስሙን ደጋግማ እንዳትጽፍ፣ ሥራው እንዲቀላጠፍ ነው። ተቀላጥፏል። ግድግዳዎ ላይ ያለው የምስጋና ወረቀትም የመጣው በዚሁ ነው አሉ። እንኳን ደስ ያለዎ። የእኔ ይርገዱ ማሳዋን ላላሰበችው ሰው ለማስተላለፍ የወሰደባት ጊዜ እጅግ አጭር እንደነበረ እኔም ምስክር ነኝ።

አራተኛ፤ አራተኛውን ዘልዬዋለሁ። በእኔና በእርስዎ መካከል ያለ ነገር አይደለም።

አምስተኛ፤ አሚራ ወረቀቱን ባየች ማግስት አባቷን አስከትላ ቤቴ መጣች። አሕመድኑር ከደጃፍ ቆሞ «አያ ጋሹ፣ ይርገዱ ለእኔም እህቴ ነበረች፣ በዚህ ነገር ፊትህን እንዳታዞርብን» አለኝ። እሷ ግን ጣሳዬን አስጩሃ ገባችና ምድጃዬን አየች። ድስቱን ከፍታ አሸተተችው። «አባባ፣ ወላሂ የሰው መሬት አልነካም፤ ነገ ሄጄ እመልሳለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ጽሕፈት ቤቱ ልጅዎ አድርጎኛልና፣ ይህ ሽሮ ሲያርር የምቆጣዎ እኔ ነኝ» አለችኝ። አባቷ ተይ አንቺ ቢላት እሱንም ገላመጠችው። ያን ቀን ያላረረ ሽሮ በላሁ።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ ሄዳ ማሳዋን አልፈልግም፣ ለሀይማኖት መልሱልኝ አለች። የተሰጣት መልስ በሥርዓት የተሞላ ነበር። ለመተው መጀመሪያ መረከብ ያስፈልጋል። ለመረከብ አስረካቢዋ መቅረብ አለባቸው። አስረካቢዋ ሟች ናቸው ብትል፣ እሱ እንዳለ ሆኖ በአካል መቅረብ አለባቸው ተባለች። «ታዲያ ከመቃብር ላምጣት?» ብትል፣ የጠረጴዛው ሰው ጥቂት አስቦ «ተወካይም ይቻላል» አላት። ይህንን እኔ አልፈጠርሁትም። አሚራ ስትነግረኝ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አቅቶኝ ነበር።

ስድስተኛ፤ ሙሐሲን ከመሄዱ በፊት መድኃኒቱን ተናግሮ ነበር። መንጠቆው እንዳለ ቢቆይ እንኳ፣ ማሽኑ ስሙን ለውጦ ከመጠየቁ በፊት «መጀመሪያ ሣል» የሚል አንድ ትእዛዝ መሐል ላይ ማስገባት ብቻ ነው አለ። ያን ጊዜ ባለጉዳይ የሚጠየቀው ያየውን ይሆናል። አሁኑኑ ላስገባው ወይ ብሎ ጠየቀዎ። እርስዎም ፕሮግራሙ ከበላይ አካል ተጠንቶ የወረደ ስለሆነ ያለ ጥናት አይነካም፣ ለጥገና የተላከ ባለሙያም ሥልጣኑ ፕሪንተሩ ድረስ ነው ብለው በጨዋ ደንብ አሰናበቱት። ከዚያም ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። ንዑስ ኮሚቴው ለልምድ ልውውጥ ኩታበር ድረስ ሄዷል መባሉን ሰምቻለሁ፤ መንገዱ አድካሚ ነውና በሰላም መመለሳቸውን ያሳውቁኝ።

ልምድ ከፈለጉ ግን ከቅርብ ነበረ። በቅሬያችን ጥሩምባ የሚነፋው ካሳ የሚባል ሰው ነው። አንድ ጊዜ፣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ አንድ ሽማግሌ ታሟል ሲባል ካሳ በጆሮው የሰማውን ይዞ ጉብታው ላይ ወጥቶ ነፋው። ሰው እርሻውን ጥሎ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ እያለቀሰ ደረሰ። ታማሚው ልቅሶውን ሰምቶ ከመደቡ ተነሣና «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ከለቀስተኛው ጋር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደንብ አለን። የቅሬው ዳኛ ቤት ገብቶ በዓይኑ ያያል፤ ያየውን ወጥቶ ይናገራል፤ ካሳ የሚነፋው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መንገር፣ ከዚያ ሰውን መጥራት። ይህንን ደንብ ለማውጣት የፈጀብን ከሰዓት በኋላ ያለችው ጊዜ ናት፤ ያ ታማሚ ራሱም ተቀምጦ ድምፅ ሰጥቷል።

የምቸኩልበትን ምክንያት ደግሞ ይኸውና። ሀይማኖት በአሚራ ስልክ ደውላልኝ ነበር። ውሏ ሊያልቅ ነው። «አባ፣ እናቴ ያለችኝ ማሳ በስሜ ከሆነ እመጣለሁ፤ ካልሆነ ግን ባዶ ሜዳ ላይ ከምመጣ ሌላ ውል እፈርማለሁ» አለችኝ። ቆዪ ልጄ አልኋት። ስልኩን ለአሚራ መለስሁላትና ወደ በሬዎቼ ሄድሁ። ቀንበሩን አነሣሁ፣ አስቀመጥሁት፣ ደግሞ አነሣሁት። ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

ስለዚህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። የይርገዱ ገጽ ተከፍቶ የልጇ ስም ይግባበት። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሰው ደግሞ ማሽንዎ መጀመሪያ ይሣል፣ ከዚያ ይጠይቅ። ለእኔ ንባብ ይቅርታ ይጻፍልኝ አልልም፤ ይቅርታው በማሽንዎ ከተጻፈ ለአሕመድኑር እንዳይደርስ እፈራለሁ።

በመጨረሻም ምስጋናዬ ብዙ ነው። አግዳሚውን ጥላ ሥር ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተቀምጬበታለሁ። በመጣሁ ቁጥር ነገ ይምጡ ስለሚሉኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ነገ አለህ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም። መልካም አስተዳደር የሚለው ሰሌዳ እንደገና ቀለም ስለተቀባም አመሰግናለሁ፤ ከሩቅ ይነበባል፤ እኔም አንብቤዋለሁ።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ የምስጋና ወረቀትዎ መስታወት ሳይሰነጠቅ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በጤና ያሸጋግርዎ ዘንድ እየጸለይሁ፣ አዎ ካሉት ባለጉዳዮችዎ ሁሉ መጨረሻው፣ የማክበር ሰላምታዬን ከእግርዎ ሥር አኖራለሁ።

ማንበብ አይችልም የተባለው
ጋሹ ወርቄ
በገዛ እጁ፤ ሚያዝያ ወር ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት

ማስታወሻ፤ ይህ ደብዳቤ ከሰሌዳው ላይ ይነሣ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ከመድረሱ በፊት ያንሡት፤ ግልባጩን አሚራ በልቧ ይዛዋለች፣ ድምፅዋም ከጥሩምባ አያንስም።

ሽማግሌ ነው፣ ይሞታል፣ ነገሩም አብሮ ይቀበራል ብለው ይሆናል። ከመሞቴ በፊት የምወጣቸው ዕዳዎች አሉብኝና ለጊዜው አይመቸኝም። ቃሬዛውን ከፊት ለገባው ለሃሩን የእርሻ ቀን አለብኝ፤ በሬዬንም ጉልበቴንም ይዤ እሄዳለሁ። ለሙሐሲን የቀፎዬ ማር አለብኝ፤ ደሴ ለሚወርድ ሰው እልካለሁ። ለፈርሂያ ሰላምታ አለብኝ፤ እሷም እንደ እኔ ያየችው ሥዕሉን ነበር። ለአሚራ ያላረረ ሽሮ አለብኝ፤ እየተማርሁ ነው።

ለይርገዱ ደግሞ አንድ ቃል አለብኝ። የዘለልሁት አራተኛው እሱ ነው። ተጽፏል ብያታለሁ፤ ያንን ይዛ ሄደች። ከተቀበረች ወዲህ መቃብሯ ዘንድ አልሄድሁም፤ ምን ብዬ እቆማለሁ። ሙት ዓመቷ ግን ሊደርስ ነው፤ ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ። ታርሞ ከሆነ የልጇን ስም አነብላታለሁ። ካልታረመም እንዳለ አነብላታለሁ፤ ከግርጌ ያለውንም የእርስዎን ስም ከነማዕረጉ፣ ከነማኅተሙ አነብላታለሁ፤ ቃሏን ማን እንደያዘባት ትወቅ። ከዚያ በኋላ አልተጻፈም የምላት እኔው ነኝ። ይህንን ዕዳ ለኮሚቴ አልሰጥም።

የምሄደው በቀን ብርሃን ነው። መነጽር አያስፈልገኝም።